የከንፈሬ ዘብ

መጋቢት ሲጋመስ፣ ጣና ሲያንጸባርቅ፣
ከንፈሬ ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲፈልቅ፣
አውቀዋለሁ እኔ፣ ሳላይ በመስታወት፦
እንደ ጉንዳን እግር፣ እንደ መርፌ ውጋት።

ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር፣
ጀልባ እየነዳሁ፣ ከጀንበር እስከ ጀንበር።
ለውኃ ሰው ፀሐይ ሁለት ናት፤ አንድ አይደለች፤
አንዷ ከላይ ስትወርድ፣ አንዷ ከታች ወጣች።
ባርኔጣ ለላይዋ።
ለታችኛዋስ?

አክስቴ ሙሉዓዳም ገና ከሩቅ አይታኝ፣
«ምች መታህ!» አለችኝ፤ ጥፋቴን ቆጠረችኝ፦
«ዓሣ ጠብሰህ በልተህ፣ አፍህን ሳትታጠብ፣
ፀሐይ አፍንጫ የላት መሰለህ ወይ፣ አንተ ጅብ?»
ዳማከሴ ቀነጠበች አጥሯ ሥር ካለው፣
በመዳፏ አሸችው፤ አረንጓዴው እንባው
በጣቷ ሲወርድ፣ ከንፈሬን ቀባችው።
አቃጠለኝ። ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ቢራራ፣ የቆዳ ሐኪሙ፣
ለዘጌ ጤና ጣቢያ ካርቶን ተሸክሞ
ከጎኔ ተቀመጠ።
«ምች ነው» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ።
አልሳቀም። «ነው» አለ።
ከዚያ ሞተሩን በድምፁ ሊበልጥ እየጮኸ፦

«ቆዳህ ውስጥ ዘብ አለ፣ ክንደ ረጅም፣
እንደ ታንኳ ሠሪ ጣት፣ ደንገል እንደሚጠመጥም፣
ክንድ ለክንድ ተያይዞ ሌት ተቀን የሚቆም።
ባዕድ ነገር ሲመጣ፣ ጨብጦ በክንዱ፣
አንገት ሥር ካለው ዕጢ፣ ሄዶ ለዘመዱ፣
‹እንዲህ ያለ መጣ› ማለት ነው ልማዱ።
ፀሐይ ሲበዛበት፣ ያ የማይታየው
ከሐምራዊ ወዲያ ያለ ጨረር ሲያገኘው፣
ክንዱን ይሰበስባል፣ ልክ እንደ ቀንድ አውጣ፤
ማማውን ይለቃል፣ ተተኪ ሳይመጣ።
ያን ጊዜ የተኛው፣ ከልጅነትህ ጀምሮ
ጆሮህ ግድም፣ ነርቭህ ውስጥ ያደረው ተሰውሮ፣
ነቅቶ ይንሸራተታል፣ ቁልቁል በነርቩ ክር፤
ከንፈርህ ላይ ይወጣል። ዘበኛ የለም በበር።»

«ታዲያ አክስቴ?»
«አክስትህ ፀሐይዋን ከኛ ቀድማ አየቻት፤
የዘቡን ስም ብቻ ማንም አልነገራት።
ስለ ዓሣው ግን...» ብሎ፣ ውኃውን እያየ ተወው።

እህቴ አንጓች ደግሞ ሌላ ናት።
ክርኗና ጉልበቷ ላይ ቅርፊት አላት፣
ነጭ፣ እንደ ቆሮሶ ገላ፤
ጎረቤት ጭርት ይለዋል፣
ካርዷ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሶሪያሲስ» ይላል።
በረጅም እጅጌ ስንት በጋ አለፈ፣
ስንት ሠርግ ቀረባት።
የሷ ዘብ አይተኛም።
ጠላት በሌለበት ይተኩሳል፤
የገዛ መንደሩን ያቃጥላል።
ቢራራ ያዘዘላት ምን ቢሆን ጥሩ ነው?
ፀሐይ።
ጥዋት፣ ሩብ ሰዓት፣ በሰዓት ተቆጥሮ፣ ከዚያ ወዲያ ሸፈን።

እኔን ያስከዳኝ ዘብ፣
እሷን ይማርላት ዘንድ በዚያው ጨረር ይለመናል!

እናም መንገደኛ ሳይመጣ፣ ወደቡ ገና ሳይሞላ፣
ከጀልባዬ አፍንጫ ላይ ትቀመጣለች፣ እጅጌዋን ጠቅልላ።
እኔ ከሸራው ሥር፣ ከንፈሬን በቅባት ሸፍኜ፣
ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ሰዓቴን እያየሁ፣
«ስድስት ደቂቃ ቀረሽ» እላለሁ።
አንድ ጀልባ ናት። ግማሿ ጥላ፣ ግማሿ ብርሃን።
አንዳንዴ ነፋስ ሲያዞራት እንለዋወጣለን፣
እኔም እሷም «ኧረ!» ብለን እንነሳለን።

ባለፈው እሑድ ክርኗን ዘረጋችልኝ።
አልጠፋም። ልዋሽ አልችልም።
ግን ቅርፊቱ ረግፎ፣ ሥሩ ለስልሶ ቀልቷል፤
በአውራ ጣቷ ደጋግማ ትዳብሰዋለች፣
የሰው ዕቃ እንደ ያዘች።

አክስቴ ሙሉዓዳም ከዳር ቆማ አየቻት፣
ክንዷ እርቃኑን፣ አንገቷ እርቃኑን፣
ቁርስ በልታ፣ ያውም ዓሣ፦
«አንቺ ልጅ! ምች ይመታሻል!»

አንጓች ዞር ሳትል፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣
«ይምታኝ እቴ!» አለች።

ሳቄ መጣ፤
ሊድን የነበረው ከንፈሬ እንደገና ተሰነጠቀ።